ድምፄ የጎረነነ ዕለት

ልጆቼ፣ ደሴ ፒያሳ ስወጣ ስልክ አቁማችሁ ስትዘፍኑ አያችኋለሁ። ደስ ይለኛል፤ ትንሽም እሰጋለሁ። እኔም በ13 ዓመቴ «ታዋቂ» ነበርኩ።

ዘመኑ 1970ዎቹ፣ የቀበሌ ኪነት ጊዜ ነው። ቀጭኗን ድምፄን ሳወጣ ብር ግንባሬ ላይ ይለጠፋል። ስለ ፍቅር ነበር የምዘፍነው፤ ምን አውቄ እንደሆነ እንጃ! ካሴትም ወጣልኝ። ሴት ተማሪዎች ፎቶዬን ከሽፋኑ ቆርጠው ደብተር ላይ ይለጥፉ ነበር። ካሴቱን ያሳተመው ሰው አንዴ ከፈለኝ፣ በቃ። ስንት እንደተሸጠ ዛሬም አላውቅም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ነው፤ ለእኔ ዘግይቷል። እናንተ ግን ወረቀቱን ሳታነቡ እንዳትፈርሙ።

15 ሲሞላኝ ድምፄ ጎረነነ። መድረክ ላይ ነኝ፤ ከፍ ያለው ቦታ ስደርስ ሲጥ ብሎ ቀረ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ በኋላ ለወራት በጓሮ በር ነበር የምወጣው።

ያዳኑኝ አንድ መሲንቆ ተጫዋች ሽማግሌ ናቸው። «አብሽር» አሉኝና የመሲንቋቸውን ጭራ ላላ አደረጉት። «እስቲ እዚች ጋ ሞክራት።» ወፍራም፣ የማላውቀው ድምፅ ከደረቴ ወጣ። ደነገጥኩ። ለሁለት ሳምንት ግጥም ከለከሉኝ፤ አምባሰል የሚባለውን የዜማ ቅኝት በእንጉርጉሮ ብቻ። ከዚያ ባቲ፣ ከዚያ ትዝታ፣ በመጨረሻ አንቺ ሆዬ። አምባሰልና ባቲ የገዛ አገራችን ስም ናቸው፤ እኔ ግን ካሴት አውጥቼ እንኳ አንዱን ከሌላው አልለይም ነበር። ያኔ የተማርኩት ነው እስከ ዛሬ ያበላኝ፤ ሰርግ በሰርግ፣ ምሽት በምሽት። ጥላሁን ገሠሠም ሀገር ፍቅር ቲያትር የገባው በልጅነቱ ነው፤ በ2001 እስኪያርፍ ግን ሰው በልጅነት ድምፁ ብቻ አልወደደውም።

ስለዚህ አሁን ላይክ ሲዘንብላችሁ ቅኝት የሚያስተምር አንድ ሰው ፈልጉ። ድምፃችሁ ሲለወጥ ደግሞ በድሮው ከፍታ እየጮኻችሁ ጉሮሯችሁን አታድሙት። ዝቅ አድርጋችሁ ዝፈኑ፤ ነውር የለውም።

ባለፈው ኮምቦልቻ ሰርግ ላይ ያችን የልጅነት ዘፈኔን ዝቅ አድርጌ ዘፈንኳት። አንዲት እናት ጠጋ ብለው፣ «ጥሩ አርገህ ትጫወታታለህ ልጄ፤ ያ የካሴቱ ቀጭን ልጅ ግን የት ደረሰ?» አሉኝ።

«አለ እማማ፣ እዚሁ አካባቢ ነው» አልኳቸው።