ባሕር ዳር ላይ ለቃለ መጠይቅ የተጠራችሁ፦ ከወደፊት ባልደረቦች ምን ይጠየቃል? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄዎቹ ከባሕር ዳር ሥራ ፈላጊዎች የመጡ ናቸው፤ መልስ የሚሰጠው የቅጥር ሥራ የሚሠራ ሰው ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ጣና ዳር ያለ ሆቴል ለሪሴፕሽን ጠርቶኝ ነበር። ሥራ አስኪያጁ አነጋግሮኝ ሲጨርስ ነገ ከሠራተኞቹ ጋር ሻይ ጠጪ አለኝ። ይሄም ፈተና ነው?

መልስ፦ ነው እንጂ እህቴ። አንቺ ከወጣሽ በኋላ የሚጠየቁት እነሱ ናቸው፤ ከዚች ልጅ ጋር ሌሊት ፈረቃ ትገባላችሁ ወይ ተብለው። ግን አንቺም ፈታኝ ሆነሽ ግቢ። "ሥራው እንዴት ነው?" ብትያቸው "ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ይሉሻል፤ ለማያውቀው ሰው ጓዳውን የሚከፍት የለም። ስለዚህ የተደረገ ነገር ጠይቂ። "ትናንት ማታ የመጨረሻው ፈረቃ ሲያልቅ በምን ወደ ቤት ገባችሁ?" በይ። ሰርቪስ ካለ ወዲያው ይነግሩሻል፤ ከሌለ ባጃጁን ከኪሳቸው እንደሚከፍሉ ይወጣል። "ባለፈው ጥምቀት ስንት ሆናችሁ ገባችሁ? የበዓሉስ መቼ ተከፈለ?" በይ። በበዓል ቀን የሠራ ቢያንስ የሰዓት ክፍያው እጥፍ፣ ትርፍ ሰዓት ከሆነ ደግሞ 2.5 እጥፍ ይገባዋል። "ከእኔ በፊት እዚህ ቦታ የነበረው ሰው የት ሄደ?" የሚለውን ለመጨረሻ አቆዪው። እርስ በርስ ከተያዩና አንዱ ስኒውን ማዞር ከጀመረ ዝም ብለሽ ጠብቂ፤ ዝምታውን አንቺ አትሙዪው። ቁም ነገሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ደመወዛቸውንስ ልጠይቃቸው?

መልስ፦ አይሆንም። ደመወዝ በስንት ቀን እንደሚገባና መቼ ዘግይቶ እንደሚያውቅ ግን ጠይቂ፤ ይህ ማንንም አያስቀይምም።

ጥያቄ፦ 15 ሺህ ብር ተባልኩ። እጄ ላይ ስንት ይደርሳል?

መልስ፦ መጀመሪያ "ያልተጣራ ነው (ግብርና ጡረታ ሳይቆረጥ) ወይስ የተጣራ?" በል። ያልተጣራ መደበኛ ደመወዝ ከሆነ፣ ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራው ሠንጠረዥ ደመወዙ ከ14 ሺህ በላይ ለሆነ ሰው ግብሩ የጠቅላላ ደመወዙ 35 በመቶ ሲቀነስ 2,050 ብር ነው፤ ማለትም 5,250 ሲቀነስ 2,050፣ 3,200 ብር። ጡረታ 7 በመቶ 1,050 ብር ይቆረጣል (አሠሪው ከራሱ 11 በመቶ ይጨምራል)። የሚቀርህ 10,750 ብር ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው ግን "15 ሺህ" የተባለው 8 ሺህ ደመወዝና 7 ሺህ አበል ሆኖ ሲገኝ ነው። ጡረታውም ትርፍ ሰዓቱም የሚታሰበው ከ8 ሺው ነው። ስለዚህ ለያይተው እንዲጽፉልህ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ በስልክ "ተቀጥረሃል፣ ሰኞ ግባ" አሉኝ። ያለሁበትን ልልቀቅ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማኅተምና ፊርማ ያለበት ደብዳቤ ሳትይዝ እንዳትለቅ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ዘሎ የወጣ እስከ 30 ቀን ደመወዝ የሚደርስ ካሣ ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ "ሰኞ" ላሉህ "ደብዳቤው ከደረሰኝ ከወር በኋላ እገባለሁ" በላቸው፤ የፈለገህ ይጠብቅሃል። አዲሱ ቤት የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊያደርግ ይችላል፤ በሳምንት 6 ቀን ለሚሠራ ይህ 10 ሳምንት ነው። በዚያ ውስጥ አልተስማማኸኝም ካሉህ ያለ ማስጠንቀቂያ ያሰናብቱሃል። የድሮውን በር በትህትና ዘግተህ ውጣ የምለው ለዚህ ነው። ደብዳቤው ላይ የሥራው ቦታ መጻፉንም እይ፤ ካልተጻፈ ባሕር ዳር ብለው ቀጥረው ወረታ ሊመድቡህ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ለካሸርነት ዋስ አምጪ፣ ዋናውን ዲግሪም አስረክቢ ተባልኩ።

መልስ፦ ዲግሪውን አሳይተሽ ኮፒውን ስጪ፣ ዋናውን ይዘሽ ተመለሺ። ዋስ መጠየቃቸው የተለመደ ነው፤ ነገር ግን የዋስትናው ወረቀት ላይ የብሩ ጣሪያ በቁጥርና በፊደል ይጻፍ። ከፍተኛው መጠን ያልተገለጸበት ዋስትና በፍትሐ ብሔር ሕጉ አይጸናም። ባዶ ቦታ የተተወበት ወረቀት ላይ አጎትሽን አታስፈርሚ፤ ቦታው በኋላ ይሞላል።

ጥያቄ፦ ሁለት ቦታ አለፍኩ፤ አንዱ እስከ ነገ ወስን አለኝ።

መልስ፦ "እስከ ዓርብ 6 ሰዓት ቁርጡን እነግራችኋለሁ" በል፤ ቀንና ሰዓት ሲሰማ ብዙ ጊዜ እሺ ይላል። ዛሬውኑ ለሌላኛው ደውለህ ደብዳቤው መቼ እንደሚወጣ ጠይቅ። ደብዳቤ በእጅህ የሰጠህንና "ይደርሳል" የሚለውን እኩል አትመዝናቸው።