ስላይድና ቪዲዮ ላይ ጽሁፍና ስዕል ስለማዋሃድ፣ ጥያቄ ያላችሁ ወርውሩ

የኦንላይን ትምህርት ነው የምሰራው፣ ዛሬ ማታ ጊዜ አለኝ፣ የቻልኩትን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የልብ ስዕል ላይ ከ1 እስከ 12 ቁጥር አድርጌ ስሞቹን ከስር ዘረዘርኩ፣ ልጆቹ ግን ግራ ይጋባሉ።

መልስ፦ ቲቸር ቁጥሩን አጥፋውና ስሙን እዛው ክፍሉ ላይ ጻፈው፣ ቦታ ከጠበበህ በቀጭን መስመር ወደ ጎን አውጣው። አሁን ልጁ 7ን ያያል፣ ወደ ታች ይወርዳል፣ 7 ማን እንደሆነ ፈልጎ ሲመለስ የቱ ጋ እንደነበር ጠፍቶበታል፣ ደሙ ከየት ወዴት እንደሚሄድ ማሰብ ሲገባው ፍለጋ ላይ ዋለ ማለት ነው። አውስትራሊያ ውስጥ የትምህርት ስነ-ልቦና ተመራማሪዎቹ እነ ጆን ስዌለር ይሄን ነገር በደንብ አጥንተውታል። ደግሞ 12ቱንም አንዴ አትጫንባቸው፣ መጀመሪያ 4ቱን ክፍሎች ብቻ፣ ቀጥሎ ቫልቮቹን፣ ደም ስሮቹን መጨረሻ። የልብ ቀኝ በኩል ስዕሉ ላይ በግራ ነው የሚታየው፣ ይቺን እዛው ካልጻፍክ ግማሹ ተማሪ ገልብጦ ነው የሚይዘው። ሰማያዊ ቀለም ከተጠቀምክም ደም እውነት ሰማያዊ እንዳይመስላቸው ንገራቸው 😄

ጥያቄ፦ ስላይዱ ላይ የጻፍኩትን ራሱን ነው የማነበው፣ ችግር አለው እንዴ?

መልስ፦ አለው እህቴ። እነሱ ከአንቺ ቀድመው አንብበው ይጨርሳሉ፣ አይናቸው ጽሁፉ ላይ ጆሯቸው ድምጽሽ ላይ ሲሆን ስዕሉን የሚያይ ይጠፋል። የካሊፎርኒያው ተመራማሪ ሪቻርድ ሜየር ደጋግሞ ሞክሮ ያገኘው ስዕል ከድምጽ ጋር ብቻውን፣ ስዕል ከድምጽና ከዛው ጽሁፍ ጋር ከሚሆን እንደሚሻል ነው። ስላይዱ ላይ ቁልፍ ቃላቱን ብቻ አስቀሪ። ግን ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሆኖ ልጆቹ ቋንቋው ከከበዳቸው ወይ መስማት የሚቸግረው ካለ ጽሁፉ እንዳለ ይሁን፣ ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ እንዳይሰለቻቸው ካርቱን ነገር ብጨምርስ?

መልስ፦ ትምህርቱን ካላብራራ አውጣው። ተመራማሪዎች መብረቅ እንዴት እንደሚፈጠር ሲያስተምሩ መብረቅ የመታቸውን ሰዎች አስገራሚ ታሪክና ፎቶ ጨምረው ሞክረው ነበር፣ ተማሪው ዋናውን ማብራሪያ ነው የረሳው።

ጥያቄ፦ ፕላዝማ፣ ያ ሃይስኩል በቲቪ የሚሰጠን ትምህርት፣ ትዝ ይልሃል? አኒሜሽኑ ምን የመሰለ ነበር፣ ለምን አልገባንም?

መልስ፦ ኧረ እንዴት ይረሳል! በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ነው ሃይስኩል የገባው። በኔ እይታ ስዕሉ አልነበረም ጥፋቱ። በሳተላይት ስለሚመጣ አስተማሪው «ቆይ» ብሎ ሊያቆመው አይችልም፣ በዛ ላይ በእንግሊዝኛ ነው፣ ያለፈው ሳይገባህ የሚቀጥለው ይመጣል። ቪዲዮ ከሰራህ በአጫጭሩ ቆርጠህ ልጁ ራሱ ቀጥል እንዲል አድርግ። አንዳንዴ እንደውም 4 የቆሙ ስዕሎች ጎን ለጎን ከአኒሜሽን ይሻላሉ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ያየዋላ።

ጥያቄ፦ ትምህርቱን ቀድመው ለሚያውቁ ሰዎችስ?

መልስ፦ ማብራሪያውን ቀንስላቸው። ለጀማሪ የሚጠቅመው ማብራሪያ ለሚያውቀው ሸክም ነው፣ ዲያግራሙ ብቻውን ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ በምን አፕ ልስራ?

መልስ፦ ፓወርፖይንት ይበቃል፣ ካንቫም አሪፍ ነው። ብዙዎቹ በስልክ ስለሚያዩት ስልክህ ላይ ከፍተህ ስሞቹ ሳታጎላው መነበባቸውን እይ፣ የአማርኛው ፎንት ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሳጥን ሳጥን እንዳይሆንብህ ደግሞ ፒዲኤፍ አርገህ ላከው።