ማዳበሪያው እያለ ምርቱ የት ገባ? የአሲዳማ አፈር ጥያቄና መልስ

ስለ አሲዳማ አፈርና ስለ ኖራ፣ ማለትም የአፈርን አሲድ ስለሚቀንሰው የተፈጨ የኖራ ድንጋይ፣ ጥያቄ ያላችሁ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ከጎጃም፣ ከወለጋ፣ ከሆሳዕና፣ ከባቱ፣ ከቨርጂኒያና ከእስራኤል ሳይቀር ጥያቄ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ሥራዬ አፈር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜዬን ያሳለፍኩትም በደጋው መሬት ላይ ነው።

ጥያቄ (ከእንጅባራ አካባቢ)፦ ዱሮ ዳፕ፣ አሁን ኤንፒኤስ የሚባለውን ማዳበሪያ፤ ዩሪያም እንጨምራለን። ስንዴው ግን ቢጫ ሆኖ ድንክ ሆኖ ይቀራል። ማዳበሪያው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ማዳበሪያው ደህና ሊሆን ይችላል። ችግሩ አፈሩ ላይ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። የአፈር አሲድነት የሚለካው በፒኤች ነው። 7 ገለልተኛ ነው፤ ከዚያ በታች አሲዳማ። ቁጥሩ በአንድ ሲወርድ አሲዱ አሥር እጥፍ ይጨምራል። ስለዚህ 5 እና 6 ቅርብ ቢመስሉም በጣም ይራራቃሉ።

ፒኤቹ ከ5.5 በታች ሲወርድ አፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም መሟሟት ይጀምራል። ይህ የሟሟ አሉሚኒየም የሥርን ጫፍ ይመርዛል። ሥሩ አጭርና ወፍራም ሆኖ ይቀራል፤ ወደ ታች አይወርድም። ስለዚህ ዝናቡ ትንሽ ሲቋረጥ፣ ታች እርጥበት እያለ ሰብሉ ይጠወልጋል። በዚህ ላይ አሉሚኒየሙና ብረቱ ከኤንፒኤስ የመጣውን ፎስፈረስ አጥብቀው ይይዙታል። ገንዘብ የከፈላችሁበት ፎስፈረስ እዚያው መሬት ውስጥ ነው፤ ሰብሉ ግን አያገኘውም። አንድ ሁለት ስንዴ በጥንቃቄ ነቅላችሁ ሥሩን እዩት። ካጠረና ቅርንጫፍ ከሌለው ምልክት ነው። እርግጠኛ የሚያደርገው ግን ምርመራ ነው።

ብቻችሁን አይደላችሁም። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ገደማው አሲድ የነካው እንደሆነ ይገመታል። ከዚያም ውስጥ ከፊሉ በብርቱ የተጎዳ ነው።

ጥያቄ (ከምዕራብ ወለጋ፣ አንድ አባት)፦ አባቶቻችን ያለ ኖራ ያመርቱ ነበር። አሁን ምን መጣ?

መልስ፦ አባቴ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ዋናው ምክንያት ዝናብ ነው። ብዙ ዝናብ ባለበት አገር ውሃው ካልሲየምና ማግኒዥየሙን እያጠበ ወደ ታች ይወስዳል። ቦታውን አሲድ ይይዘዋል። ይህ ዱሮም ነበር። ነገር ግን ዱሮ መሬቱ ያርፍ ነበር። ከብቱ ማሳው ላይ ያድር ነበር፤ ፍግ ይመለስ ነበር። ዛሬ ገለባው ለከብት ይሄዳል፣ ኩበቱ ይነዳል፣ መሬቱ በየዓመቱ ይታረሳል። ከሰብሉ ጋር ከማሳው የወጣው ካልሲየም አይመለስም። ዩሪያም የራሱ ድርሻ አለው። አፈር ውስጥ ወደ ናይትሬት ሲለወጥ አሲድ ያወጣል። ዩሪያ አይጠቀሙ ማለቴ አይደለም። ዩሪያ ብቻ እየተጨመረ ሌላው ሲረሳ ነው የሚከፋው።

ጥያቄ (ከብዙዎች)፦ ለአንድ ሄክታር ስንት ኩንታል ኖራ ይበቃል? መቼ ይበተናል?

መልስ፦ ለሁሉም የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። መጠኑ የሚሰላው ከምርመራ ውጤት ነው፤ በተለይ አፈሩ ውስጥ ካለው አሲድና አሉሚኒየም። በብዙ ደጋ ማሳዎች በሄክታር ከ20 እስከ 40 ኩንታል ባለው ውስጥ ይወድቃል። ግማሽ ሄክታር ካላችሁ ከ10 እስከ 20 ኩንታል ማለት ነው።

ጊዜው ከመዝራት አንድ ወይም ሁለት ወር በፊት ነው። ነፋስ በሌለበት ሰዓት እኩል ይበተናል። ከዚያ ወዲያው ታርሶ ከአፈሩ ጋር ይቀላቀላል። ላዩ ላይ የተተወ ኖራ ወደ ሥሩ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። እርጥበትም ያስፈልገዋል፤ በደረቅ አፈር ውስጥ ኖራ አይሠራም። ዱቄቱ በደቀቀ ቁጥር ቶሎ ይሠራል። አንድ ጊዜ በደንብ ከተሰጠ ጥቅሙ አራት አምስት ዓመት ይቆያል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ኖራን ከዩሪያ ወይም ከትኩስ ፍግ ጋር በአንድ ቀን አትበትኑ። ናይትሮጅኑ ወደ አሞኒያ ጋዝነት ተለውጦ በአየር ይሄዳል።

ጥያቄ (ከሆሳዕና)፦ ያን ያህል ኖራ መግዛትም ማጓጓዝም አንችልም። ሌላ መንገድ የለም?

መልስ፦ ይህ ለእኔ ከሁሉም የከበደው ጥያቄ ነው። የኖራ ችግር የሳይንስ ችግር አይደለም። ድንጋዩ በአገራችን በብዛት አለ። ደጀንና ጉደር ላይ የኖራ መፍጫ ተተክሏል። የሚከብደው 30 ኩንታል ዱቄት ከመፍጫው እስከ ቀበሌው ማድረስ ነው። ብዙ ጊዜ የመኪናው ኪራይ ከኖራው ዋጋ ይበልጣል። ሌላም አለ። መሬት ተከራይቶ የሚያርስ ሰው ለአምስት ዓመት የሚሆን ኖራ ለምን ይገዛል? በሚቀጥለው ዓመት መሬቱ በእጁ ላይሆን ይችላል። ኖራን ለማስፋት የሚሠራ ሁሉ እነዚህን ሁለቱን ካልፈታ በሠርቶ ማሳያ ማሳ ላይ የሚታየው ውጤት እዚያው ይቀራል።

አቅም ለሌለው ግን መንገድ አለ። ኖራውን በሙሉ ማሳው ላይ ከመበተን በዘር መስመሩ ውስጥ ብቻ መጨመር ይቻላል። መጠኑ በብዙ ይቀንሳል። ጥቅሙ ለአጭር ጊዜ ስለሆነ ግን በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ መድገም ይፈልጋል። የጓሮ አትክልት ላይ ደግሞ የምድጃ አመድ ይጠቅማል፤ ልክ እንደ ኖራ አሲዱን ይቀንሳል፣ ፖታሲየምም አለው። ለሄክታር የሚበቃ አመድ ግን ከየትም አይገኝም።

የሰብል ምርጫም አለ። ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ አሲድ አይችሉም። ድንች፣ አጃ፣ ትሪቲካሌ (የስንዴና የራይ ድቅል) ይችላሉ። ጤፍም ከስንዴ ይሻላል። ጎጃም ውስጥ ግብጦ በተጎዳ መሬት ላይ የሚዘራው ያለ ምክንያት አይደለም። አሲዱን ይችላል፣ ናይትሮጅንም ለመሬቱ ያበረክታል።

ጥያቄ፦ ጄሶ በኖራ ቦታ ይሆናል? ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት ኖራስ?

መልስ፦ ጄሶ አይሆንም። ካልሲየም አለው፣ ፒኤቹን ግን ከፍ አያደርግም። የግድግዳው ኖራ አሲድ ይቀንሳል፤ ነገር ግን የተቃጠለ ስለሆነ ኃይለኛ ነው። እጅና ዓይን ያቃጥላል። መጠኑም እንደ እርሻ ኖራ አይሰላም። ለማሳ አልመክርም።

ጥያቄ (ከባቱ)፦ እኛም ኖራ እንጨምር?

መልስ፦ በፍጹም ሳታስመረምሩ አትጨምሩ። በስምጥ ሸለቆ ብዙው አፈር ቀድሞውኑ አልካላይን ነው። የእናንተ ስጋት ጨው ነው። ጨው በመስኖና በውሃ ማጠንፈፊያ ቦይ አያያዝ እንጂ በኖራ አይታከምም። ኖራ ብትጨምሩ ሰብሉ ብረትና ዚንክ ያጣል፤ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል።

ከእስራኤል ስለ ጓሮ ቲማቲም ለጠየቅሽኝ እህቴም መልሱ ይኸው ነው። እዚያ ብዙው አፈር ራሱ ኖራማ ነው። አገር ቤት ያለ ዘመድሽ ያመሰገነልሽን ነገር እዚያ አትሞክሪው።

ጥያቄ (ከአዊ)፦ ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ዛፍ ተክለን ከሰል እያወጣን ኖርን። አሁን ዛፉ ታመመብን። መሬቱን ምን እናድርገው?

መልስ፦ የፋግታ ለኮማና የባንጃ ገበሬዎች በዲከረንስ የሠሩት ሥራ የሚደነቅ ነው። ገብስ እምቢ ባለው አሲዳማ መሬት ላይ በመጀመሪያው ዓመት ጤፍና ችግኙን አብሮ ማብቀል። ቀጥሎ ሣሩን ለከብት ማጨድ። በአራት አምስት ዓመት ዛፉን ቆርጦ ከሰል ማውጣት። ከዚያ እንደገና ጤፍ። ይህን ዘዴ ገበሬው ራሱ ነው አስፍቶ እዚህ ያደረሰው። ዛፉ ናይትሮጅን ይሰጣል፣ ቅጠሉም መሬት ይሸፍናል።

ድክመቱ ወረዳው ሁሉ በአንድ ዓይነት ዛፍ መሸፈኑ ነበር። በሽታ ሲመጣ የሚያቆመው አልነበረም። የእኔ ምክር ዛፉ በተቆረጠበት መሬት ላይ ኖራ መሞከር ነው። መሬቱ ስላረፈ፣ ቅጠልም ስለበሰበሰበት ጥሩ ይቀበላል። የመጀመሪያውን ዓመት ድንች ወይም ግብጦ፣ ቀጥሎ ስንዴ። ዛፍ መትከል ከቀጠላችሁም ዓይነቱን ቀላቅሉ።

ጥያቄ፦ ባቄላ ላይ የሚጨመረው ባዮ ማዳበሪያ ይሠራል?

መልስ፦ ይሠራል። በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ሥሩ ላይ ቋጠሮ ሠርተው ከአየር ናይትሮጅን ይይዛሉ። ሕያው ስለሆኑ ፀሐይ ይገድላቸዋል። ዘሩን በጥላ ውስጥ ለውሳችሁ ወዲያው ዝሩ። አበባ ሲያወጣ አንድ ሁለቱን ንቀሉና ቋጠሮውን ሰንጥቁ። ውስጡ ቀላ ካለ እየሠራ ነው። አረንጓዴ ወይም ነጭ ከሆነ አይሠራም። በብርቱ አሲድ ላይ ግን ባክቴሪያውም ይቸገራል፤ ስለዚህ ኖራው ይቀድማል።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ጣና ላይ ያለው እምቦጭ ከማዳበሪያችን ጋር ግንኙነት አለው?

መልስ፦ አለው። እምቦጭ በናይትሮጅንና በፎስፈረስ ነው የሚፋፋው። ፎስፈረስ በብዛት የሚጓዘው ከታጠበ አፈር ጋር ተጣብቆ ነው። ስለዚህ ሐይቁን ለመርዳት ዋናው ሥራ ላይኛው ተፋሰስ ላይ ነው፦ እርከን፣ ቬቲቨር ሣር፣ የወንዝ ዳር ሣርና ዛፍ። የከተማ ፍሳሽም ድርሻ አለው፤ ሁሉንም በገበሬው ላይ መጫን ልክ አይደለም። ሥሩ የጎለበተ ሰብል ማዳበሪያውን ራሱ ይበላዋል፤ አሲድ ያጫጨው ሰብል ግን ይተወዋል።

ጥያቄ (ከቨርጂኒያ)፦ በየዓመቱ ለቤተሰቦቼ የማዳበሪያ ገንዘብ እልካለሁ። ዘንድሮ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ለአፈር ምርመራ ላክ። በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል ወደ አቅራቢያ የአፈር ላቦራቶሪ ይላካል። ቤተሰቦችህ ናሙናውን እንዲህ ይውሰዱ። በማሳው ላይ ዚግዛግ እየሄዱ ከ15 እስከ 20 ቦታ፣ 20 ሳንቲሜትር ጥልቀት ይቆፍሩ። ፍግ ከተከመረበት፣ ከዛፍ ሥርና ከመንገድ ዳር አይውሰዱ። ሁሉንም በንጹሕ ባልዲ ቀላቅለው አንድ ኪሎ ያህል ያስቀሩ። ማዳበሪያ የነበረበት ጆንያ ውስጥ አይጨምሩት፤ ውጤቱን ያበላሻል። በጥላ ያድርቁት። ቁልቁለቱና ሜዳው የተለያየ ከሆነ ለየብቻ ይሁን። ሰብሉ እንደተነሳ፣ በጥር ወይም በየካቲት ቢላክ፣ ውጤቱ መጥቶ ኖራው በሚያዝያ ወይም በግንቦት መጀመሪያ ለመበተን ይደርሳል።