ያለ ፕሪሪኩዚት ጀነራል ኬሚስትሪ ለመግባት

እህቴ፣ «አገር ቤት ኬሚስትሪ ተምሬ መጥቼ፣ እዚህ ካሊፎርኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጁ ፕሪሪኩዚቱን (ቀድሞ መወሰድ ያለበትን ኮርስ) አልወሰድሽም ብሎ ጀነራል ኬሚስትሪ አላስመዘግብም አለኝ» ላልሽው፣ እኔም እዚያው ደጃፍ ላይ ተንገላትቻለሁና ስሚኝ።

1. ካውንስለሩ (የኮሌጁ የትምህርት አማካሪ) «ከመግቢያው ኮርስ ጀምሪ» ቢልሽ እሺ አትበይ። አብራኝ የነበረች ልጅ እሺ ብላ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰችውን አቶምና ሞለኪውል እንደ አዲስ ስትማር ከረመች። ገንዘቧም ሄደ፣ የፋርማሲ ማመልከቻዋም ዓመት ዘገየ።

2. «ፕሪሪኩዚት ቻሌንጅ» የሚባል ፎርም አለ፤ ቀዳሚውን ኮርስ ሳልወስድ ልግባ ብለሽ የምታመለክቺበት ነው። የስቴቱ ደንብ የሰጠሽ መብት ነው፣ የማንም ችሮታ አይደለም። ኮርሱን ለመወጣት የሚያስችል እውቀት እንዳለሽ ካሳየሽ በቂ ምክንያት ነው። ክላሱ ቦታ ካለው በ5 የሥራ ቀን ውስጥ መልስ ሊሰጡሽ ይገባል። ሒሳብም ከጠየቁሽ ለእሱ ለብቻው ሙዪ።

3. ማስረጃ። እኔን ያንገበገበኝ እዚህ ጋ ነው። የምዝገባው መስኮት ላይ ያለችው ሴትዮ ትራንስክሪፕቴን በጣቷ ጫፍ ገፋ አድርጋ መለሰችልኝ፤ ማኅተሙን እንኳ አላየችውም። ፎርሙን ስጠይቃት «እንደዚህ የሚባል ነገር የለንም» አለች። ከራሳቸው ድረ ገጽ አትሜ እጄ ላይ ይዤው ነበር! ሳሳያት «ቀጣይ» ብላ ከኋላዬ ያለውን ሰው ጠራች። አገሬ ላይ ሌት ተቀን ያጠናሁትን እንደ ቆሻሻ ስትገፋው እስከ ዛሬ ያመኛል።

ስለዚህ መስኮቱን ተዪው፤ ለኬሚስትሪ ዲፓርትመንት ኃላፊ በቀጥታ ኢሜይል ጻፊ። ትራንስክሪፕትሽን የውጭ አገር ትምህርት በሚገመግም ድርጅት በየኮርሱ አስገምግመሽ፣ የተማርሻቸውን ርዕሶች ዘርዝረሽ አያይዢ፦ አሲድ ቤዝ፣ ኤሌክትሮኬሚስትሪ፣ ቴርሞዳይናሚክስ፣ ሁሉንም። የእኔው ኃላፊ ቢሮው አስገብቶኝ ወረቀቱን ገለበጠና፣ 25 ሚሊ ሊትር 0.1 ሞላር ሰልፈሪክ አሲድን ገለልተኛ ለማድረግ ስንት ሚሊ ሊትር 0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ እንደሚፈጅ ጠየቀኝ። አሲዱ ሁለት ፕሮቶን ስለሚሰጥ 50 አልኩት። እዚያው ፈረመልኝ። ኮርሱንም በኤ ጨረስኩ፤ ላብ ውስጥ እዚሁ ያደጉት ልጆች ስሌቱን እኔን ነበር የሚጠይቁት።

አንዳንድ ኮሌጅ በፎርሙ ፈንታ የኬሚስትሪ ዳያግኖስቲክ (ያለሽን እውቀት የሚለካ) ፈተና ይሰጣል፤ 44 ጥያቄ በ45 ደቂቃ ነው። ሞልና ስቶኪዮሜትሪ (በኬሚካል ለውጥ ውስጥ የሚገባውንና የሚወጣውን መጠን ማስላት) ከልሰሽ ግቢ። ብቻ ምዝገባው ሳይከፈት አስገቢ፤ ክላሱ ከሞላ ፎርሙም አያድንሽም።