ድምሩ 100 ያልሞላው ዚርኮን

ጥያቄ፦ ከምዕራብ ኢትዮጵያ ግራናይት የለየኋቸውን ዚርኮኖች (የዚርኮኒየምና የሲሊካ ማዕድን ቅንጣቶች) በኤሌክትሮን ማይክሮፕሮብ (በኤሌክትሮን ጨረር የማዕድንን ንጥረ ነገሮች በሚለካ መሣሪያ) አስመርምሬ፣ አንዳንድ ነጥብ ላይ የኦክሳይዶቹ ድምር 94 በመቶ ሆነ። የመሣሪያ ችግር ነው? ወደ 100 ባስተካክለውስ? (ከጂማ)

መልስ፦ እባክዎ አያስተካክሉት! የጎደለው 6 በመቶ ራሱ ውጤት ነው።

ንጹሕ ዚርኮን 67.2 በመቶ ዚርኮኒየም ኦክሳይድ፣ 32.8 በመቶ ሲሊካ ነው። መጀመሪያ ሃፍኒየም (በዚርኮኒየም ቦታ የሚገባ ብረት) መለካቱን ያረጋግጡ፤ ኦክሳይዱ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 በመቶ ይደርሳል። በዚያው ቅንጣት ሌላ ነጥብ ላይ ድምሩ 99 ወይም 100 ከመጣ ግን መሣሪያውን አይጠርጥሩ። ማይክሮፕሮብ ሃይድሮጅንን አያይም፤ ስለዚህ የጎደለው በአብዛኛው ውሃ ነው።

ውሃው እንዴት ገባ? በዚርኮኑ ውስጥ ያለው ዩራኒየም 238 እርሳስ 206 እስኪሆን 8 የአልፋ ቅንጣቶች ይለቃል። ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው አልፋው ሳይሆን በአጸፋው ወደ ኋላ የሚገፋው ከባድ ኒውክሊየስ ነው፤ በጥቂት አስር ናኖሜትር ርቀት ውስጥ አንድ ሺህ ገደማ አቶሞችን ከቦታቸው ያፈናቅላል። 1,000 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 1,000 ክፍል) ዩራኒየም ያለው፣ ዕድሜው 550 ሚሊዮን ዓመት የሆነ ዚርኮን በግራም 1.9 ቢሊዮን ቢሊዮን ያህል የአልፋ ክስተት አስተናግዷል። የተጎዱት ኪሶች እርስ በርስ የሚገናኙት በግራም 2.2 ቢሊዮን ቢሊዮን ክስተት አካባቢ ስለሆነ፣ ዩራኒየሙ ትንሽ ከፍ ባለበት የክሪስታሉ የዕድገት ቀለበት ሁሉ ለፈሳሽ መንገድ ይከፈታል። 30 ሚሊዮን ዓመት በሆነው የእሳተ ገሞራ ዐለት ውስጥ ያለው ተመሳሳይ ዚርኮን ግን ጉዳቱ ወደ 20 እጅ ያነሰ ነው። ክሪስታሉ ሙሉ በሙሉ ሲፈርስ መጠኑ እስከ 18 በመቶ ያብጣል፤ እብጠቱም ያልተጎዳውን ጎረቤት ቀለበት ይሰነጥቀዋል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ድምሩ ባነሰበት ነጥብ ካልሲየም፣ አሉሚኒየምና ብረት ይለኩ፤ በዚርኮን ቀመር ውስጥ ቦታ ስለሌላቸው ከታዩ ፈሳሽ አልፎበታል። ራማን (በሌዘር ብርሃን የክሪስታልን ንዝረት የሚለካ መሣሪያ) ካገኙ 1,008 ላይ ያለውን መስመር ይዩ (ቁጥሮቹ ሁሉ በሴንቲሜትር የሞገድ ብዛት ናቸው)፤ በጤናማ ክሪስታል ስፋቱ ከ5 በታች ነው፣ በተጎዳው ከ30 ይበልጣል፣ ቦታውም ወደ 995 ይወርዳል።

ለዕድሜ ልኬት እነዚህን ነጥቦች ይተዉ፤ እርሳሱ ወጥቶ ሊሆን ስለሚችል ዕድሜው ከእውነተኛው ያነሰ ይመጣል። በማይክሮፕሮብ እርሳስን ሲለኩ ደግሞ የዩትሪየም የኤክስሬይ መስመር እርሳስ በሚለካበት የኤክስሬይ መስመር (ኤም አልፋ) ላይ ይደረባል፤ ሳይቀንሱት ከቀሩ ዕድሜው በተቃራኒው ይጋነናል።