ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «የአባቱ ዘር ነው» ይሉኛል

«ዶክተር፣ እንደምን ከረሙ። የምጽፍልዎ ከሐይቅ አካባቢ ነው። የአራት ዓመት ልጄን ባለፈው ክረምት ጉንፋን ያዘውና በሦስተኛው ቀን ትንፋሽ አጠረው። ደሴ ወስደነው አምስት ቀን ተኝቶ፣ በኦክስጅን ተረፈ። ኢንፍሉዌንዛ ነው ተባልን። የባለቤቴ አባትም በስተርጅና እንዲሁ በጉንፋን ተጀምሮባቸው በሳንባ ምች ነው ያረፉት። የእኅቴ ልጆች ግን፣ የዘጠኝና የአሥራ አንድ ዓመት ናቸው፣ በዚያው ሰሞን ከልጄ ጋር ሲጫወቱ ሰንብተው ትንሽ አስነጠሳቸውና ተዋቸው። ጎረቤቱ ሁሉ ‹የአባቱ ዘር ነው› ይለኛል። የምንኖረው አማቴ ዘንድ ነው፤ ክረምት እሳቱ እቤት ውስጥ ስለሚነድ ሁላችንም እዚያው እንተኛለን። አሁን የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። የሚወለደውም እንዲህ ይሆን?»

እኅቴ፣ እንኳን ልጅዎን ማረልዎ።

ጎረቤቶችዎ ከመሬት ተነሥተው አልተናገሩም። አንድ ዓይነት ቫይረስ አንዱን አልጋ ላይ ሲጥል ሌላውን በንፍጥ የሚያልፈው በከፊል በዘረመል፣ ማለትም ከወላጅ በምንወርሰው የሰውነት መመሪያ፣ ምክንያት ነው። በሴሎቻችን ውስጥ አይኤፍአይቲኤም3 የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ቫይረሱ ሴሉ ውስጥ ዘልቆ እንዳይራባ መንገድ የሚዘጋ ዘበኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት፣ በኢንፍሉዌንዛ ሆስፒታል ከገቡት ሰዎች መካከል ይህን ፕሮቲን የሚያሠራው ዘረመል አንድ የተለየ ዓይነት ከተጠበቀው በላይ መገኘቱን አሳየ። በኋላ የተሠሩት ጥናቶች ግን ሁሉም በዚህ አልተስማሙም።

ከዚህ የበረታም አለ፤ ግን በጣም ብርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታወቀች አንዲት የፈረንሳይ ሕፃን በሁለት ዓመት ተኩሏ ኢንፍሉዌንዛ ለሞት አድርሷት ነበር። ሲመረመር ከእናቷም ከአባቷም አይአርኤፍ7 የሚባለውን ዘረመል ተበላሽቶ ወርሳለች። ሰውነቷ ኢንተርፌሮን የሚባለውን፣ ሴሎች «ጠላት ገባ» ብለው ጎረቤት ሴሎችን የሚያነቁበትን ቅመም በበቂ ማውጣት አልቻለም። ወላጆቿ አንድ አንድ ደኅና ቅጂ ስለነበራቸው ጤነኞች ነበሩ። እንዲህ ያለው ሕመም ባልና ሚስት በሥጋ ሲዛመዱ ይበዛል፤ ሰባት ቤት ቆጥረው የሚያጋቡ አባቶቻችን ዘረመል የሚለውን ቃል ባያውቁትም ልጆችን ጠብቀዋል።

የእርስዎን ቤት ግን በዚህ አላየውም። የአራት ዓመት ሕፃንና አንድ አዛውንት ኢንፍሉዌንዛ በየትም አገር አብዝቶ የሚጎዳቸው ናቸው፤ ለዚህ የተለየ ዘር አያስፈልግም። የእኅትዎ ልጆች ደግሞ በዕድሜ ትልልቅ ናቸው፤ ከዚህ በፊት ስንት ጉንፋን አሳልፈው ሰውነታቸው ተለማምዷል። ዘር የቱን ያህል እንደሚወስን መንታዎች ጥሩ መለኪያ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ 105 ጥንድ መንታዎች ሲጠኑ፣ ሰውነት ለኢንፍሉዌንዛ ክትባት የሚሰጠው ምላሽ በዘር የሚወሰን ሆኖ አልተገኘም። ሰውየው ከዚያ በፊት ያጋጠመው ነገር ነው ያመዘነው።

እንደ ዋዛ ጽፈው ያለፉት ነገር ነው እኔን ያሳሰበኝ፦ እሳቱ። እኛ አገር ጢስ በሽታን ያባርራል ብለን አድገናል። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ፣ ያው ኢንፍሉዌንዛ፣ ሕዝቡን ከፈጀ ወዲህ ኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስበን እናጥናለን። ሰፈር ማጽዳቱ መልካም ነው። በር ተዘግቶ እቤት ውስጥ የሚታፈን የእንጨትና የኩበት ጢስ ግን የሕፃን ሳንባ ጠላት ነው። በመተንፈሻ ቧንቧ ውስጥ አክታና ጀርም ጠርገው የሚያወጡትን ጥቃቅን ፀጉሮች ያዳክማል። በዚያ ላይ አንድ ሰው ጉንፋን ይዞ ሲገባ፣ አብሮ የተኛው ሕፃን ሌሊቱን ሙሉ የእሱን ትንፋሽ ሲስብ ያድራል። አያትና የልጅ ልጅ ዘር ብቻ ሳይሆን አንድ ምድጃም ተጋርተዋል። አማትዎን በአክብሮት ያነጋግሩልኝ፦ ምድጃው ወደ ማድ ቤት ይውጣ። ካልተቻለ ሲነድ በርና መስኮት ይከፈት፤ ልጁ ከእሳቱ ርቆ ይተኛ፤ ጉንፋን የያዘው ሰው ለብቻው ይደር።

ስለራስዎ አንድም አልጠየቁኝም። ከሁላቸውም ይልቅ የምሰጋው ግን ለእርስዎ ነው። እርግዝና፣ በተለይ ወሩ ሲገፋ፣ ኢንፍሉዌንዛን ያከብዳል። ትኩሳትና ቁርጥማት ከያዘዎ ዳማከሴ ታሽቶ፣ ዝንጅብል ተፈልቶ እስኪታይ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት ይበልጥ የሚበጀው ሕመሙ በጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲወሰድ ነው። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ማግኘት ከቻሉ ይከተቡ፤ መከላከያው በእትብት አልፎ ጨቅላውን የመጀመሪያዎቹን ወራት ይጠብቀዋል። ሲወለድም ጡት ብቻ ያጥቡት፤ የሳንባ ምች ክትባቱም አይለፈው።

ትልቁ ልጅ እንደገና ከታመመ ልብሱን ገልጠው፣ ሳያለቅስ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ይቁጠሩ። 40 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሲተነፍስ የደረቱ ታች ወደ ውስጥ ከገባ፣ ወይም መጠጣት ካቃተው እንዳያሳድሩት። አስፕሪን አይስጡት፤ ከኢንፍሉዌንዛ ጋር በሕፃናት ጉበትና አንጎል ላይ ከባድ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። ሁለተኛ ኦክስጅን እስከሚያስፈልገው ከደረሰ ግን የሕፃናት ሐኪም አስሙን፣ ልቡንና የሰውነት መከላከያውን ይመርምርለት፤ ያን ጊዜ እኔም የዘሩን ነገር አነሣዋለሁ። ለሚቀጥለው የእርግዝና ክትትል ሲሄዱ እሱንም ይዘውት ይሂዱ፤ ክብደቱን ያስለኩት፤ ከደሴ የተሰጠዎትን ወረቀትም አይርሱ።