ሁለት ራውተር ያለበት ቤት፤ ካሜራው ከአንዱ ዋይፋይ ይታያል ከሌላው ለምን ይጠፋል?

ከቡሬ አንዲት እህት የላከችልኝን ጥያቄ በአጭሩ ላስቀምጠው። «ፊት ለፊት መኖሪያ ቤታችን አለ፣ የቴሌ ዋይፋይ የገባው እዛ ነው። ከጓሮ ደግሞ እናቴ በርበሬና እህል የምታስቀምጥበት መጋዘን አለ፣ ወደ 55 ሜትር ይርቃል። 4 ካሜራና መቅጃው ኤንቪአር መጋዘኑ ውስጥ ነው የተገጠሙት፣ የገጠመው ልጅ ከቤቱ ኬብል ስቦ እዛ ሁለተኛ ራውተር ሰካበት። የመጋዘኑን ዋይፋይ ስይዝ 4ቱም ጥርት ብለው ይታዩኛል፣ ቤት ገብቼ የቤቱን ዋይፋይ ስይዝ ግን ኦፍላይን ይላል። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜማ አንድ ቀን አይቶት አያውቅም። ልጁ ካሜራዎቹ ይቀየሩ ብሎኛል፣ ልግዛ ወይ? ስልኬ ቤት ስሆን አይፒው 192.168.1.7 ነው፣ መጋዘን ስሆን 192.168.0.102 ይላል፣ ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ነው።»

እህቴ እንዴት ከረማችሁ፣ እናትሽንም ጤና ይስጥልን። አትግዢ። ካሜራው ጤነኛ ነው፣ ጤነኛ ባይሆን መጋዘኑ ውስጥ ሆነሽም አይታይሽም ነበር። እነዛን ሁለት ቁጥሮች፣ ማለት ኔትወርኩ ለስልክሽ የሰጠውን አድራሻ (አይፒ)፣ መጻፍሽ ደግሞ ግማሹን ስራ ጨረሰልኝ፣ ሰው ሁሉ እንዳንቺ ቢያደርግ እኔ ከደብረ ማርቆስ ተነስቼ ስንት ቦታ በከንቱ ባልሄድኩ።

ሶስተኛዋን ቁጥር ተመልከቻት። ቤት ስትሆኚ 1 ነው፣ መጋዘን ስትሆኚ 0 ነው። ይሄ ማለት ሁለት የተለያየ ኔትወርክ ነው ያለሽ ማለት ነው፣ አንድ ቤት ውስጥ። ልጁ ከቤት የመጣውን ኬብል ሁለተኛው ራውተር ላይ ዋን የሚባለው ፖርት ላይ ነው የሰካው (ኢንተርኔት ከውጭ የሚገባበት ነው፣ ብዙ ጊዜ ቀለሙ ከሌሎቹ ይለያል፣ ሰማያዊ ነው የሚሆነው)፣ እዛ ላይ ሲሰካ ራውተሩ ራሱን አለቃ አድርጎ የራሱን አይፒ ማደል ይጀምራል። ግቢ ውስጥ ሌላ ግቢ አጥረሽ በሩ ላይ ሌላ ዘበኛ አቆምሽ እንደማለት ነው። ከውስጥ የሚወጣውን ዘበኛው ያሳልፋል፣ ከውጭ የመጣውን ግን ማነህ ብሎ ይመልሳል። ለዛ ነው መጋዘን ሆነሽ ኢንተርኔቱ የሚሰራልሽ፣ የቤቱም ፕሪንተር ካለ የሚታይሽ፣ ቤት ሆነሽ ወደ መጋዘን ስታዪ ግን ምንም የሌለው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ካሜራውን ስልክሽ ላይ ሲያስገባልሽ በአይፒ አድራሻ ነው ያስገባው፣ እርግጠኛ ነኝ ማለት ይቻላል። በሲሪያል ቁጥሩ በክላውድ (በኢንተርኔት በካምፓኒው ሰርቨር በኩል) ቢሆን ኖሮ ከየትም ሆነሽ ይከፍትልሽ ነበር። ወንድምሽም ያላየው በዚሁ ነው፣ 192.168 ብሎ የሚጀምር አድራሻ ከቤታችሁ ውጭ ትርጉም የለውም፣ አዲስ አበባም ሺ ቤት ውስጥ ያው ቁጥር አለ።

መፍትሄው ምንድን ነው፣ ቤቱን አንድ ኔትወርክ ማድረግ። አይፒ የሚያድለው የቤቱ ራውተር ብቻ ይሁን፣ የመጋዘኑ ዋይፋይ እየሰጠ ዝም ብሎ የሚያሳልፍ ይሁን። እኔ ስገጥም ሁልጊዜ እንዲህ ነው የማደርገው፣ እዛ መጋዘን ዋይፋይ ካላስፈለጋችሁ ደግሞ ራውተር ራሱ አያስፈልግም ነበር፣ ባለ 5 ፖርት ስዊች (አንዱን ኬብል ለብዙ የሚያካፍል ሳጥን) በቂ ነው፣ ዋጋውም ይቀንሳል ሴቲንግ የሚባል ነገርም የለውም ትሰኪዋለሽ አለቀ።

ራውተሩ ካለ ግን አንጥለውም። መጀመሪያ ሴቲንጉ ውስጥ ገብተሽ ኦፐሬሽን ሞድ ወይም አክሰስ ፖይንት ሞድ የሚል ፈልጊ፣ አዳዲሶቹ ላይ አብዛኛው አለው፣ እሱን መርጠሽ ሴቭ ካልሽ ሌላውን ራሱ ያስተካክለዋል። ከሌለው በእጅ ነው፣ እዚህ ጋ ቅደም ተከተሉን አትዝለይ፣ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። መጀመሪያ ከቤት የመጣውን ኬብል ከዋን ፖርቱ ንቀዪው። ለምን ብትይ እሱ ተሰክቶ እያለ የራውተሩን አድራሻ ወደ 192.168.1 ልቀይር ስትይ ከዋኑ ጋር ይጋጫል ብሎ እምቢ ይልሻል፣ ሰው እዛ ላይ ራውተሩ ተበላሸ ብሎ ይተወዋል። ነቅለሽ ላፕቶፕ በኬብል ላን ፖርቱ ላይ (ከዋኑ ሌላ ካሉት አንዱ) ሰክተሽ ብራውዘር ላይ 192.168.0.1 ብለሽ ትገቢያለሽ፣ ላን የሚለው ውስጥ አድራሻውን 192.168.1.2 ታደርጊዋለሽ፣ ሴቭ ስትይ ሪስታርት ያደርጋል ከዛ በአዲሱ አድራሻ በ192.168.1.2 እንደገና ትገቢያለሽ። አሁን ዲኤችሲፒ የሚለውን ዲሴብል አድርጊ፣ ሴቭ። ዲኤችሲፒ ማለት አይፒ አዳዩ ነው፣ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት አዳይ ካለ አንዱ ትክክል ሌላው የተሳሳተ እየሰጠ ኢንተርኔቱ ብልጭ ድርግም ይላል። መጨረሻ ላይ ከቤት የመጣውን ኬብል መልሰሽ ስትሰኪ ዋኑ ላይ ሳይሆን ከላኖቹ አንዱ ላይ፣ በቃ። ዋኑ ባዶውን ይቀራል፣ ባዶ መሆኑ ችግር የለውም። አሁን መጋዘን ሄደሽ ስልክሽን ስታዪው 192.168.1 ምናምን ካለሽ ተሳክቷል።

ግን ካሜራው ወዲያው ላይታይሽ ይችላል፣ አትደንግጪ። ኤንቪአሩ አድራሻው በእጅ ተሞልቶ 192.168.0 ላይ ተቀምጦ ከሆነ አሁን ያ ኔትወርክ የለም፣ እሱ ግን አልሰማም። ሞኒተርና ማውስ ሰክተሽ ኔትወርክ የሚለው ውስጥ ገብተሽ አይፒውን 192.168.1.200፣ ሰብኔት ማስኩን 255.255.255.0፣ ጌትዌይ (ወደ ውጭ የሚያወጣው በር፣ የቤቱ ራውተር) 192.168.1.1፣ ዲኤንኤስ 8.8.8.8 አድርጊው። ጌትዌዩን 1.2 እንዳትዪው፣ እሱ አሁን አለቃ አይደለም፣ 1.2 ካልሽው ካሜራው ቤት ውስጥ ይሰራና ወደ ውጭ አይወጣም፣ ወንድምሽ እንደገና አያይም። ከዛ የቤቱ ራውተር ላይ ገብተሽ የሚያድለውን ክልል ከ192.168.1.10 እስከ 192.168.1.150 ብለሽ ወስኚው፣ ያለበለዚያ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ 200ን ለአንዱ ስልክ ይሰጠውና ካሜራሽ ይጋጫል። ሲሰራ የነበረ ካሜራ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ጠፋ የሚሉኝ ሰዎች ቤት ሄጄ ብዙ ጊዜ የማገኘው ይሄንኑ የአይፒ ነገር ነው፣ ወይ ተቀይሯል ወይ ተጋጭቷል።

ካሜራዎቹ የት ነው የተሰኩት? ኤንቪአሩ ጀርባ ላይ ካሉት ፒኦኢ ፖርቶች (በዛው ኬብል ለካሜራው መብራትም የሚሰጡት) ላይ ከሆነ አትንኪያቸው፣ ኤንቪአሩ ለነሱ የራሱን የውስጥ አድራሻ ነው የሚሰጣቸው (ብራንዱ ሂክቪዥን ከሆነ 192.168.254 ብሎ ይጀምራል)፣ ከቤቱ ኔትወርክ ጋር አይነካኩም። በሌላ ስዊች ከሆነ የገቡት ግን እነሱም አንድ በአንድ ወደ 192.168.1 መምጣት አለባቸው፣ 201፣ 202፣ 203፣ 204 እያልሽ ስጫቸው ለማስታወስ ይቀላል። ሪሴት እንዳታደርጊ አደራ፣ ሂክቪዥን ሪሴት ሲደረግ 192.168.1.64፣ ሌላው ብራንድ ዳሁዋ 192.168.1.108 ላይ ነው የሚመለሰው፣ 4ቱንም አንዴ ሪሴት ካደረግሽ 4ቱም አንድ አድራሻ ይዘው ይጋጫሉ።

የወንድምሽን ነገር እንጨርስ። ኤንቪአሩ ላይ ፕላትፎርም አክሰስ ወይም ፒ2ፒ የሚል አለ፣ ኢኔብል አድርጊው፣ ኦንላይን ሲል የኪውአር ኮዱን በስልክሽ ስካን አድርጊ፣ ሂክቪዥን ከሆነ ሂክኮኔክት ዳሁዋ ከሆነ ዲኤምኤስኤስ ነው አፑ። ከዛ ከአፑ ላይ ለወንድምሽ ሼር ታደርጊለታለሽ፣ የራሱን አካውንት ይክፈት፣ ያንቺን ፓስወርድ አትስጪው። ፖርት ፎርዋርድ እናድርግ (ከኢንተርኔት በቀጥታ ወደ ካሜራው መግቢያ እንክፈት) የሚል ባለሙያ ከመጣ አይሆንም በዪው። እንደ አሁኑ በሁለት ራውተር ሆኖ ቢሆን ሁለቱም ላይ ነበር የሚከፈተው፣ ድካሙ ሳያንስ በሩን ለአለም ሁሉ መክፈት ነው። በ2016 ሚራይ የሚባለው ቫይረስ ፋብሪካ ያወጣውን ፓስወርድ ያልቀየሩ ካሜራዎችንና መቅጃዎችን ነው በገፍ የያዘው፣ በ2021 ደግሞ ብዙ የሂክቪዥን ካሜራዎች ላይ ያለ ፓስወርድ የሚያስገባ ቀዳዳ ተገኝቶ ነበር፣ አፕዴት ያላደረገና ፖርት የከፈተ ሰው ካሜራውን ለማያውቀው ሰው ሰጠ ማለት ነው። የእናትሽን ግቢ ሌላ ሰው ሲያየው አስቢው። ስለዚህ ፓስወርዱ ጠንካራ ይሁን፣ ፈርምዌሩም (የመሳሪያው የውስጥ ሶፍትዌር) ይታደስ፣ ገጣሚው የሚያውቀውን ፓስወርድም እሱ ሲሄድ ቀይሪው፣ እኔ ራሴ ስጨርስ ደንበኛዬን እንዲቀይር አስገድደዋለሁ።

ወንድምሽ ሲያይ የሚቆራረጥበት ከሆነ ጥራቱን ዝቅ አድርጎ በሰብ ስትሪም ይይ። አንድ ካሜራ በሰከንድ በ2 ሜጋቢት ቢቀዳ 4ቱ 8 ሜጋቢት ወደ ላይ መጫን ይፈልጋሉ፣ ያንን የሚችል መስመር ሁልጊዜ አይገኝም። ቅጂው ግን አይነካም፣ ቅጂ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ የቤቱ ራውተር ጠፍቶም መጋዘኑ መቅዳቱን ይቀጥላል። በዚሁ መጠን 4ቱ በቀን ወደ 86 ጊጋባይት ይይዛሉ፣ 1 ቴራ ሃርድዲስክ ቢኖርሽ 11 ቀን ገደማ ማለት ነው። ለኤንቪአሩም ለሁለቱም ራውተር ዩፒኤስ ቢኖር ጥሩ ነው፣ ካልቻልሽ ለኤንቪአሩ ቅድሚያ ስጪ።

አሁን የሚያሳስበኝ ያ የ55 ሜትር ኬብል ነው፣ ስለሱ ምንም አልጻፍሽልኝም። ርቀቱ ችግር የለውም፣ የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ይሄዳል። ግን ምን አይነት ነው? ጫፉ ላይ ከተረፈው ቁራጭ አንዷን ሽቦ ወስደሽ በቢላ ላጥ ላጥ አድርጊያት፣ ውስጧም ቀይ ከሆነ መዳብ ነው፣ ከላይ ቀይ ሆና ውስጧ ነጭ ካለ አሉሚኒየም ላይ መዳብ የተቀባ ነው፣ እሱ ርቀት ላይ ይደክማል በተለይ በዛው ኬብል ካሜራ መብራት የሚወስድ ከሆነ። ከቤት ወደ መጋዘን ደግሞ በአየር ላይ በባህር ዛፍ ቋሚ ነው የተሳበው ወይስ ተቀብሯል? እኛ አገር ክረምቱን ታውቂዋለሽ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ መብረቁ ቀልድ አይደለም። አንድ ደንበኛዬ ግቢ ከቆርቆሮ ክዳን ወደ ባህር ዛፍ ቋሚ ተስቦ የነበረ ኬብል ነበር፣ መብረቁ ቤቱን እንኳን አልመታውም፣ ሰፈር ውስጥ ነው የወደቀው፣ ግን ጠዋት ስደርስ ራውተሩ ፖርት ጥቁር ሆኖ ኤንቪአሩም አብሮ ሄዷል፣ ከፍቼ ሳሸተው የተቃጠለ ሽታው ገና አልወጣም ነበር። ከዛ ወዲህ በሁለት ቤት መሀል ውጭ የሚሄድ ኬብል ካለ ፋይበር ነው የምመክረው፣ ከዚህ አንድ ሚዲያ ኮንቨርተር (የኔትወርክ ኬብሉን ወደ ፋይበር የሚቀይር) ከዛ አንድ፣ መሀሉ ላይ ብረት የሌለው ፋይበር፣ ፋይበር መብረቁን አያሻግርም። አቅም ከሌለ ቢያንስ በኮንዲዩት (በፕላስቲክ ቱቦ) ይቀበር፣ ከመብራት መስመር ጋር አብሮ አይታሰር፣ ሰማዩ ሲጠቁር፣ ማጉረምረም ሳይጀምር ደግሞ ከሁለቱም በኩል ይነቀል። እናትሽ ብቻቸውን ከሆኑ የትኛውን እንደሚነቅሉ ኬብሉ ላይ ቀይ ፕላስተር አስሪበት።

የዋይፋዩን ስምና ፓስወርድ ሁለቱም ላይ አንድ አይነት ብታደርጊው ስልክሽ ስትሄጂ ራሱ ይቀይራል፣ ቻናሉን ብቻ አንዱን 1 አንዱን 6 ወይ 11 አድርጊው።

ሰዓቱንም እዪልኝ፣ ታይም ዞኑ ጂኤምቲ +3 መሆን አለበት። ቅጂ ስትፈልጊ ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚቀዳው፣ ማታ 2 ሰዓት የሆነ ነገር 20:00 ላይ ነው የምታገኚው፣ እናትሽ በርበሬው የጎደለው ማታ 2 ሰዓት ላይ ነው ቢሉሽ 2:00 ላይ ስትፈልጊ ሌሊት 8 ሰዓትን ነው የምታዪው።

ይሄን ሁሉ አድርገሽ አሁንም ኦፍላይን ካለ ሶስት ቁጥር ጻፊልኝ፣ ቤት ሆነሽ የስልክሽ አይፒ፣ የኤንቪአሩ አይፒ፣ የኤንቪአሩ ጌትዌይ። የኬብሉንም ጫፍ ላጥ አድርገሽ ፎቶ ላኪልኝ።